የምሽቱ መደብ

አዳማ ላይ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የጉሊት ዋጋም አብሮ ይወርዳል። ጠዋት አንድ ላይ ተደርድሮ የነበረው ቲማቲም አስራ ሁለት ሰዓት ገደማ ሦስት ቦታ ተከፍሎ ይታያል። ጠንካራው በአንድ ወገን፣ በደንብ የበሰለው መሐል ላይ፣ ጎኑ የተመታውና የለሰለሰው ደግሞ ዳር ላይ ነው። የዳሩ መደብ ከሁሉም ከፍ ብሎ የተቆለለ ሲሆን ዋጋው ግን ከሁሉም ዝቅ ያለ ነው። ከሥራ የምትመለስ ወጣት ጎንበስ ብላ ከእሱ ማንሳት ስትጀምር ባለ ጉሊቷ ዝም ብላ አታስወስዳትም። «የኔ እናት፣ ይሄ ለዛሬ ማታ ነው። ለነገ ከሆነ ከዚያኛው ልስጥሽ» ትላታለች። ወጣቷ ለዛሬ እንደሆነ ትነግራትና ሦስት ፍሬ ምርቃት ተጨምሮላት ትሄዳለች።

ሻጯ የዕቃዋን ሁኔታ ሳትደብቅ ተናገረች፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ቀነሰች፤ ገዢዋም አውቃ ገዛች። የተረፈ ምግብን በቅናሽ መሸጥ ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች እንግዳ ነገር አይደለም፤ በየምሽቱ መንገድ ዳር ይሠራበታል። የሚያስቆጨው ይህ የጉሊት ልማድ ወደ ዳቦ ቤቱ፣ ወደ ሱፐርማርኬቱና ወደ ሆቴሉ አለመሻገሩ ነው።

ትርፉ ከየት እንደሚመጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአዳማ ወደ ሞጆ ተመልሶ የሐዋሳን አቅጣጫ የያዘ መንገደኛ ቆቃን፣ መቂን፣ ከዚያም ባቱን ያገኛል። በደምበል ሐይቅ ዙሪያና በአዋሽ ዳርቻ በመስኖ የሚለማው ቲማቲምና ሽንኩርት በእንጨት ሳጥንና በማዳበሪያ ከረጢት ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ይሄዳል። ቲማቲም ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ ውሃ ነው። ሳጥኑ በሳጥን ላይ ሲደራረብ የታችኛው የላይኛውን ሸክም ይችላል፤ የጉሊቷ ሦስተኛ መደብ ግማሽ ታሪኩ እዚያ መኪና ላይ ያለቀ ነው። ቀሪውን የአዳማ ሙቀት ይጨርሰዋል።

ዋጋውም ከሙቀቱ ባላነሰ አስቸጋሪ ነው። በ2016 ዓ.ም. መባቻ አዲስ አበባ ላይ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ከ100 ብር በላይ ሲሸጥ ብዙ ቤት ወጥ ያለ ሽንኩርት መሥራት ሞክሯል። እንዲህ ያለ ዋጋ የሰማ ገበሬ ሁሉ ያንኑ ይተክላል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሁሉም በአንድ ሳምንት ሲያነሳ ገበያው ይጥለቀለቃል። ቲማቲም የለቃሚና የጫኝ ሒሳብ እንኳ ሳይሸፍን ሲቀር ማሳ ላይ ይተዋል ወይም ለከብት ይሰጣል። አንድ ዓይነት ምርት በአንድ ዓመት ውስጥ ቅንጦትም ቆሻሻም የሚሆንበት አገር ውስጥ ማባከን የሰነፍ ጠባይ ብቻ ነው ብሎ መፍረድ ይከብዳል።

አካባቢው ለዚህ መልስ ፈልጎ አያውቅም ማለት ግን አይደለም። የሜርቲ ፋብሪካ ለዓመታት የቲማቲም ድልህና ማርማላታ እያሸገ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ስሙን አስለምዷል። ከአዳማ ብዙም የማይርቀው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ «አዳማ ሬድ» የተባለውን የሽንኩርት ዝርያና «መልካ ሳልሳ»ን የመሰሉ የቲማቲም ዝርያዎችን አውጥቷል። የመቂ ባቱ አትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ዩኒየንም አርሶ አደሩ በደላላ እጅ ብቻ እንዳይወድቅ የተቋቋመ ነው። ይሁንና ፋብሪካም፣ ዝርያም፣ ዩኒየንም ሊደርሱለት የማይችሉት አንድ ክፍል ይቀራል፤ ከተማ ገብቶ፣ ተሸጦ ሳያልቅ፣ ሰዓቱ እየሄደበት ያለው ምግብ።

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ባልሞላ ርቀት ላይ ስለምትገኝና የፍጥነት መንገድም ስላላት፣ የመሥሪያ ቤቱ ሥልጠና፣ የድርጅቱ ግምገማ፣ የማኅበሩ ጉባኤ ሁሉ ወደ ሆቴሎቿ ይመጣል። ለመቶ ሃምሳ ሰው የታዘዘ ምሳ ላይ መቶ አስር ሰው ቢገኝ የአርባው ሰው ድርሻ ቡፌው ላይ ይቀራል። ሰው ሳህን ላይ ያልተነሳ፣ እጅ ያልነካው፣ ገና ትኩስ የሆነ ምግብ ነው። የሰው ማዕድ ላይ ቀርቦ ከተረፈው ጋር አንድ ባልዲ ውስጥ የገባ ዕለት ግን ልዩነቱ ይጠፋል።

የቅናሽ ምግብ ነውርም የሚጀምረው ከዚህ ባልዲ ነው። በአዲስ አበባ «ቡሌ» የሚባለውን ሁሉም ያውቀዋል። ከሆቴሎች የተሰበሰበ ትርፍራፊ ተቀላቅሎ ሌላ አማራጭ ላጣ ሰው የሚሸጥበት ንግድ ነው። ስለ ቅናሽ ምግብ በተነሳ ቁጥር የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ቡሌ ስለሚሄድ ነገሩ ሳይታይ ይዘጋል። ቡሌ ግን የሚፈጠረው ምግቡ በጊዜ ስላልተለየ ነው። ከምሳ ሰዓት በኋላ ወዲያው ንጹሕ ዕቃ ላይ ወጥቶ፣ ተከድኖ፣ በግማሽ ዋጋ ለሆቴሉ ሠራተኞች፣ ለተማሪዎችና ለባጃጅ ሾፌሮች ቢሸጥ አንድም ሰው ቡሌ አይለውም፤ የዘገየ ምሳ ነው።

በሌላው ዓለም የተረፈ ምግብን ከመጣል ማዳን ከነውርነት ወጥቶ ሕግና ንግድ ሆኗል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ ከ400 ካሬ ሜትር በላይ የሆኑ ሱፐርማርኬቶች ለመበላት የሚሆን ምግብ እንዳያበላሹ ከልክላ፣ ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች ጋር ውል እንዲገቡ አስገድዳለች። በዚያው ዓመት በዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን ላይ አንድ የቤተ ክርስቲያን የተራድኦ ድርጅት «ዊፉድ» የተባለ ሱቅ ከፍቶ ማሸጊያው የተጎዳ ወይም «ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙት ይመረጣል» የሚለው ቀን ያለፈበትን ምግብ በቅናሽ መሸጥ ጀመረ። ደንበኞቹ ድሆች ብቻ አልነበሩም።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2022 በችርቻሮ፣ በምግብ ቤቶችና በመኖሪያ ቤቶች 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ ከዚህ 60 በመቶው የባከነው ቤት ውስጥ ነው። ሪፖርቱ ሞቃታማ አገሮች ውስጥ በየቤቱ የሚጣለው ከፍ ያለ እንደሚመስልም ጠቁሟል፤ ትኩስ ምርት በብዛት ይበላል፣ የማቀዝቀዣ ሰንሰለቱ ደግሞ ደካማ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር የፍሪጇን በር ላለመክፈት የምትጠነቀቅ የአዳማ እመቤት ይህን ከሪፖርቱ በፊት ታውቀዋለች።

በቅናሽ መግዛት ሁልጊዜ ቁጠባ አይደለም። አምስት ኪሎ ቲማቲም በግማሽ ዋጋ የገዛ ሰው የሁለት ኪሎ ተኩል ሙሉ ዋጋ ከፍሏል። ሦስቱን ኪሎ ጥሎ ሁለቱን ከበላ፣ ሁለት ኪሎ ደህናውን በሙሉ ዋጋ ከገዛ ጎረቤቱ የበለጠ አውጥቷል። ርካሽ ምግብ የሚጠቅመው በዚያው ማታ ምድጃ ላይ የሚጥደው ሰው ካለ ነው። ለስላሳ ቲማቲም ለሰላጣ አይሆንም፤ ለስልስ ግን ከጠንካራው ይሻላል። ሽንኩርት፣ ዘይትና በርበሬ ገብቶበት ውሃው እስኪመጥ ከተንተከተከ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ቀናት ይቆያል። ያደረ ዳቦ በፍርፍር ይነሳል። ሦስት ቀን ያለፈው እንጀራ ሻጋታ ሳይዘው ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ድርቆሽ ሆኖ የተማሪና የመንገደኛ ስንቅ ይሆናል። እነዚህን ሁሉ ሴቶች ያለ መማሪያ መጽሐፍ ሲሠሩባቸው ኖረዋል።

ወተትም የራሱ ምሽት አለው። በሁዳዴ 55 ቀናት፣ ከዚያም በየረቡዕና ዓርቡ፣ የኦርቶዶክስ ተከታዩ ከወተት ሲርቅ ላሟ አብራ አትጾምም። የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም ጎን ለጎን የሚኖሩባቸው በመሆናቸው ገበያው ጨርሶ አይዘጋም፤ ሆኖም ትርፉ ቅቤና አይብ እንዲሆን ወይም በቅናሽ እንዲሸጥ አስቀድሞ ያላሰበ ወተት ሻጭ መድፋቱ አይቀርም።

እዚህ ላይ ጥብቅ መሆን የሚገባባቸው ነገሮች አሉ። የሻገተ እንጀራ ሻጋታው ቢነሳለትም መበላት የለበትም። እርጥበት ያገኘው በቆሎ፣ ኦቾሎኒና በርበሬ አፍላቶክሲን የተባለ ለጉበት ካንሰር የሚዳርግ መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ ምግብ ማብሰል ይህን መርዝ አያጠፋውም። ከቆቃና ከደምበል የወጣ ዓሣ ያለ በረዶ ከዋለ በስጦታም መወሰድ የለበትም። የመጠቀሚያ ቀኑ ያለፈ የታሸገ ምግብ መሸጥ በአገራችን የተከለከለ ነው፤ መከልከሉም ተገቢ ነው፤ ቀን ፍቆ ሌላ ቀን የሚለጥፍ ነጋዴ ባለበት ገበያ የዴንማርክን ሱቅ መቅዳት አደጋ ነው። ቅናሹ መጀመር ያለበት ቀኑ ከማለፉ በፊት ነው። የብስኩት ወይም የጁስ መጠቀሚያ ጊዜ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዋጋው ተቀንሶ፣ ምክንያቱ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ ፊት ለፊት ቢቀመጥ ነጋዴው ከመጣል፣ ገዢውም ከመታለል ይድናሉ።

ነጋዴዎች የሚያነሱት ስጋት አለ፦ ማታ ከቀነስን ጠዋት ማን ይገዛናል? ለዚህም መልሱ ጉሊቷ ጋ ነው። ጠዋት የሚመጣው ደንበኛ ልቅም ያለውን መርጦ፣ ለሦስት ቀን የሚሆነውን ይወስዳል። የማታው ደግሞ የዕለት ደሞዙን ይዞ ለአንድ እራት የሚገዛ ነው። ሁለቱ እምብዛም አይገናኙም። ከማታው ሰው የሚገኘው ትንሽ ብር ደግሞ ነገ ጠዋት የአንድ ሳጥን መነሻ ነው።

ለመጀመር አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። ዳቦ ቤቱ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ የቀረውን በቅናሽ እንደሚሸጥ በር ላይ ይጻፍ። ስብሰባ የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ከሆቴሉ ጋር በሚገባው ውል ላይ ያልተነካው ምግብ ለማን፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ አንድ መስመር ይጨምር። የከተማው ንግድ ቢሮና የጤና ቁጥጥር ባለሙያዎች ደግሞ ነጋዴው «ቢያዩኝ ይቀጡኛል» ብሎ በጓሮ በር እንዳያወጣ፣ ምን በቅናሽ እንደሚሸጥና ምን እንደሚወገድ በግልጽ ይንገሩት።

እስከዚያው ሥራው የባለ ጉሊቷ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የመንገዱ ሰው ሲሳሳ የቀሩትን ቲማቲሞች አንድ በአንድ እየዳሰሰች ትለያለች። ጥቂቱን ለቤቷ ወጥ በፌስታል ትቋጥራለች፤ ጨርሶ የፈረሰውን ፍየል ላለው ጎረቤት ለብቻ ታስቀምጣለች፤ ጠንካራውን ለነገ ጠዋት ሳጥኑ ውስጥ መልሳ በማዳበሪያ ትሸፍነዋለች።