ከኮምፒውተሩ በፊት መምህሩ

ስለ ኮምፒውተር ትምህርት በተነሳ ቁጥር አገራችን የምትቆጥረው ዕቃና ምስክር ወረቀት ነው። ስንት ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ደረሰው፣ ስንት ሰው ሥልጠና ወሰደ፣ ስንቱ ሰርተፍኬት ተቀበለ እየተባለ ሪፖርት ይቀርባል። በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የሚያድግ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን በዚህ ሁሉ ቆጠራ ውስጥ የራሱን ጥያቄ አያገኘውም። የእሱ ጥያቄ «ያልገባኝን ማን ያስረዳኛል?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ከሁሉም መቅደም አለበት ብዬ አምናለሁ። የኮምፒውተር ሳይንስ በአገራችን ሥር የሚሰደው፣ ጉዳዩን ከሥሩ የሚያውቅ መምህር ገና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ካለ ተማሪ ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ ነው። ዕቃውም ሰርተፍኬቱም ዋጋ የሚኖራቸው ከዚያ ወዲያ ነው። ለዚህ ሙግት ከፕሮፌሰር ጄላኒ ኔልሰን የሥራ ዘመን የተሻለ ምስክር ማግኘት ይከብዳል።

ፕሮፌሰር ጄላኒ እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ከኢትዮጵያዊት እናት ተወለዱ። ያደጉት ሴንት ቶማስ በምትባል የካሪቢያን ደሴት ነው። ከዚያ ኤምአይቲ ወደተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሒሳብና ኮምፒውተር ሳይንስ አጠኑ፤ የዶክትሬት ዲግሪያቸውንም በ2011 እዚያው ተቀበሉ። ከ2013 ጀምሮ በሃርቫርድ አስተማሩ፤ በ2019 ደግሞ ወደ በርክሌይ፣ ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። እንዲህ ተዘርዝሮ ሲታይ የአንድ ስኬታማ ምሁር የተለመደ ታሪክ ይመስላል። ልዩ የሚያደርገው ግን ዶክትሬታቸውን በጨረሱበት በዚያው በ2011 የጀመሩት ሌላ ሥራ ነው። ወደ አዲስ አበባ መጥተው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ፕሮግራም መጻፍና አልጎሪዝም፣ ማለትም ችግርን ደረጃ በደረጃ የመፍቻ ዘዴ፣ ማስተማር ጀመሩ። «አዲስኮደር» የሚባለው የክረምት ትምህርት የተወለደው እንዲህ ነው። የዶክትሬቱ መጠናቀቅና የማስተማሩ መጀመር አንድ ዓመት ላይ መገጣጠማቸው ብዙ ይናገራል። ሰውየው ማስተማርን ከክብርና ከዕድሜ በኋላ የሚደረግ በጎ አድራጎት አላደረጉትም፤ ገና በሥራ ዘመናቸው መጀመሪያ የሳይንስ ሥራቸው አካል አድርገው ያዙት።

ሁለቱ ለምን እንደማይነጣጠሉ ለመረዳት ምርምራቸውን ጥቂት ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የሚታወቁበት አንዱ ዘርፍ ሳያቋርጥ የሚጎርፍ መረጃን በጣም በትንሽ ማኅደረ ትውስታ ማስተናገድ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ በሜክሲኮ አደባባይ የሚያልፈውን ሕዝብ አስቡ። ስንት ጊዜ ሰው አለፈ የሚለውን መቁጠር ቀላል ነው። ስንት የተለያየ ሰው አለፈ የሚለው ግን ከባድ ነው፤ ሦስቴ የተመላለሰውን አንዴ ብቻ ለመቁጠር የሁሉንም መልክ ማስታወስ የግድ ይመስላል። በቀን ስንት የተለያዩ ስልኮች ኔትወርኩን እንደተጠቀሙ ማወቅ የሚፈልግ ድርጅትም የሚገጥመው ይኸው ችግር ነው። ፊሊፕ ፍላዦሌና ናይጅል ማርቲን በ1980ዎቹ፣ ሁሉንም ሳይመዘግቡ ለእውነቱ የቀረበ ግምት ማግኘት እንደሚቻል አሳይተው ነበር። በ2010 ደግሞ ጄላኒ ኔልሰን ከዳንኤል ኬንና ከዴቪድ ውድረፍ ጋር ሆነው፣ ከዚያ በታች ሊወርድ በማይችል የማኅደረ ትውስታ መጠን የሚሠራ ዘዴ አቀረቡ። በሌላ በኩል ዊሊያም ጆንሰንና ጆራም ሊንደንስትራውስ በ1984፣ እጅግ ብዙ መለኪያ ያለውን መረጃ በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት ብዙም ሳይዛባ ወደ ጥቂት መለኪያዎች ማሳነስ እንደሚቻል አረጋግጠው ነበር። ከ33 ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ ካስፐር ግሪን ላርሰንና ኔልሰን ከዚያ በላይ ማሳነስ እንደማይቻል በሒሳብ አረጋገጡ። እነዚህ ውጤቶች የተገኙት ውድ መሣሪያ በመግዛት አይደለም። በዕድል ስሌት፣ በአልጀብራ፣ በትዕግሥትና ከጥሩ መምህር በተወረሰ የአስተሳሰብ ሥርዓት ነው። ሀብታሙም ድሃውም አገር እኩል ሊጀምርበት የሚችል ዘርፍ ቢኖር ይህ ነው።

አዲስኮደር የተመሠረተው በዚህ እምነት ላይ ነው። ከአገሪቱ የተለያዩ ማዕዘናት የተመረጡ ተማሪዎች ለአራት ሳምንት ያህል በነፃ ይማራሉ። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት አንዲት መስመር ፕሮግራም ጽፈው አያውቁም። ትምህርቱ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይጀምርና፣ አንድን ችግር ወደ ትናንሽ መሰሎቹ ከፋፍሎ መፍታትን፣ አንዴ የተሠራን ስሌት አስቀምጦ ደግሞ መጠቀምን፣ በመረብ መልክ በተያያዙ ነገሮች ላይ አጭሩን መንገድ መፈለግን ያስተምራል። ይህ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ትምህርት ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ይህን በወር ውስጥ ሊጀምረው የሚችለው ከጎኑ የሚቀመጥ ረዳት አስተማሪ ስላለው ነው። ስህተቱን አብሮት ይፈልጋል፤ መልሱን ሳይነግረው ወደ መልሱ ይመራዋል። በፕሮግራሙ ያለፉ ወጣቶች ከአምስት መቶ በላይ ሆነዋል። ከእነሱም ሃርቫርድና ኤምአይቲን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች የገቡ አሉ፤ ተመልሰው ታናናሾቻቸውን የሚያስተምሩም አሉ። ኤሲኤም የተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር የ2022ን የዩጂን ሎውለር ሰብአዊ አስተዋፅኦ ሽልማት ለፕሮፌሰር ጄላኒ የሰጠው በዚሁ ሥራቸው ነው።

ጥልቀትን ለድሃ ልጅ መንፈግ የበጎ ሰው ስህተት ሊሆን እንደሚችል ያሳየ ሌላ ክርክርም አለ። በካሊፎርኒያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከበድ ያለውን የአልጀብራ ትምህርት ትተው ቀለል ባለ የዳታ ሳይንስ ኮርስ እንዲተኩት የሚፈቅድ አሠራር መጥቶ ነበር። ደጋፊዎቹ ሒሳብ ለተቸገሩ ልጆች በር ይከፍታል ብለው በቅንነት ያምኑ ነበር። ፕሮፌሰር ጄላኒ በአደባባይ ተቃወሙት። አልጀብራውን የዘለለ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ኢንጂነሪንግም፣ ኮምፒውተር ሳይንስም፣ ራሱ ዳታ ሳይንስም እንደሚዘጋበት፣ ይበልጥ የሚጎዳውም ይህን የሚነግረው ሰው በቤቱ የሌለው ልጅ እንደሆነ ተከራከሩ። በ2023 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሚቴ እነዚያ ኮርሶች አልጀብራውን ሊተኩ አይችሉም የሚል ውሳኔ ላይ ደረሰ። ቀላሉ መንገድ ለብዙኃኑ፣ ከባዱ መንገድ ለጥቂቶች የሚለው ክፍፍል በስም እኩልነት ቢመስልም በተግባር በር መዝጋት ነው።

ይህን ትምህርት ወደ ራሳችን ስናመጣው የምናየው አያስደስትም። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ ስክሪኑ ወሰደው፤ መምህሩ ከጎን ቆሞ ተመልካች ሆነ፤ ተማሪው «አልገባኝም» የሚለው ሰው አጣ። ከዚያም የዩኒቨርሲቲ ቅበላ ሰባ በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲሆን ተወሰነ። መቀመጫው ሲበዛ የሚያስተምረው ሰው በዚያው ልክ አልበዛም። ውጤቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና አሳየን። በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ደግሞ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኮዲንግ ለማሠልጠን ያለመ የኢንተርኔት ሥልጠና ተጀመረ። ዓላማው መልካም ነው፤ ራሱን ችሎ መማር ለሚችል ወጣትም ጥሩ መነሻ ይሆናል። መሠረታዊ ሒሳብ ያልያዘና ጥያቄውን የሚመልስለት አስተማሪ የሌለው ልጅ ግን ከቪዲዮ የሚያገኘው ትውውቅን ነው። በትውውቅና በዕውቀት መካከል ያለውን ርቀት የሚያሻግረው መምህር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሳል። አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ራሱ ፕሮግራም እየጻፈ ሳለ ልጆችን በአልጎሪዝም ማድከም ምን ይረባል? ወጣቱ ዛሬ እንጀራ ይፈልጋል፤ አጭር ሥልጠናና ፈጣን ሥራ ይሻለዋል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ስለ ኑሮው የሚሉት ትክክል ነው። ነገር ግን ማሽኑ በመጀመሪያ የሚተካው በአጭር ሥልጠና የሚገኘውን ሙያ ነው። የሦስት ወር ኮርስ የሚያስተምረውን ቀላል የድረ ገጽ ሥራ ማሽኑ በደቂቃ ይሠራዋል። ማሽኑ የጻፈው ፕሮግራም ትክክል መሆኑን መመርመር፣ መረጃው ሺህ እጥፍ ሲሆን ለምን እንደሚንቀረፈፍ ማወቅ፣ የባንክ ሒሳብ ላይ ስህተት ከመድረሱ በፊት ስህተቱን ማየት ግን ከሥሩ የተማረ ሰው ይጠይቃል። ላርሰንና ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ2017 ያረጋገጡት ውጤት ደግሞ የትኛውም ማሽን የቱንም ያህል ቢበረታ ሊያልፈው የማይችለውን ወሰን የሚያሳይ ነው። የሚቻለውንና የማይቻለውን ለይቶ የማወቅ ችሎታ ዋጋው በዚህ ዘመን ጨምሯል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያመኛል፤ እውነት አለውና። ጥቂት ጎበዞችን መርጦ ማስተማር ጎበዞቹን ለውጭ ዩኒቨርሲቲ ማዘጋጀት ነው፤ አገሪቱ ዘርታ ሌላው ያጭዳል ይባላል። ዶክተር ረድኤት አበበን እንመልከት። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ፣ በውድድር ባገኙት ነፃ የትምህርት ዕድል ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ገብተው የተማሩ፣ ከዚያም ሃርቫርድ የደረሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬት ያገኙ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ። አልጎሪዝም ድህነትንና የዕድል ልዩነትን ለመረዳት እንዴት እንደሚያገለግል የሚያጠና ምርምር መሥርተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ከከተማችን መውጣቱ ያኮራል፤ ያሳስባልም። የሚያሳስበው መሄዳቸው ብቻ አይደለም። የተጓዙበት በር እጅግ ጠባብ መሆኑ፣ በዚያው ዘመን እኩል ተሰጥኦ ኖሯቸው ያ አንድ ዕድል ያልደረሳቸው ልጆች የትም አለመታየታቸው ነው። ለመሰደድ መፍትሔው በሩን መዝጋት ሊሆን አይችልም። በሩ ሲሰፋ የሚሄዱት ጥቂቶች፣ የሚቀሩት ብዙዎች ይሆናሉ። የቀሩት ሲበዙ ደግሞ ሥራውንም፣ ዩኒቨርሲቲውንም፣ የሄደው የሚመለስበትን ምክንያትም ይፈጥራሉ።

ሦስተኛው ተቃውሞ የአቅም ነው። ከበርክሌይ የሚመጣ ፕሮፌሰር ለእያንዳንዱ ሰፈር አይዳረስም። አዎ፣ አይዳረስም፤ መዳረስም የለበትም። አዲስኮደር ያረጋገጠው የውጭ ፕሮፌሰር አስፈላጊነትን ሳይሆን የኢትዮጵያ ልጅ ጥልቅ ትምህርትን ያለ ቅድመ ዝግጅት ሊቀበል መቻሉን ነው። ይህ ከተረጋገጠ ቀሪው ሥራ የእኛ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስና በሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የሚማሩ ወጣቶች አሉ። ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ማስተማር የትምህርታቸው አካል ሆኖ ነጥብ ይሰጥበት። ማስተማር ያወቁትን ያጠራላቸዋል፤ ተማሪውም የሚመስለውን ሰው ከፊቱ ያያል። ቦታም አለ። በዚሁ በልደታ ክፍለ ከተማ ተግባረ ዕድ የተባለው የሙያ ትምህርት ቤት የእጅ ሙያን ለትውልዶች ሲያስተምር ኖሯል። በክፍለ ከተማው ያሉ ላብራቶሪዎች ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ለጠመንጃ ያዥና ለአካባቢው የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ልጆች ቢከፈቱ፣ አንድ ኮምፒውተር ለሁለት ልጅ ቢደርስ ይበቃል፤ የአልጎሪዝም ግማሽ ሥራው በወረቀት ነውና መብራት ቢጠፋም ትምህርቱ አይቆምም። ማብራሪያው በአማርኛ ይሁን፤ ቴክኒካዊ ቃላቱን ልጆቹ በእንግሊዝኛም ይያዙ። በዕረፍት ጊዜ የሚመጡ በውጭ አገር የሚኖሩ ባለሙያዎቻችን ደግሞ በቀጥታ ተማሪዎችን ከማስተማር ይልቅ አስተማሪዎቹን ቢያስተምሩ፣ የአንድ ወር ቆይታቸው ዓመቱን ሙሉ ይሠራል።

ይህ ሥራ በክፍለ ከተማ ደረጃ ሊጀመር የሚችል ነው፤ አዲስ መሥሪያ ቤትም አይጠይቅም። የሚጠይቀው የትምህርት ቢሮውንና የዩኒቨርሲቲዎቹን ስምምነት፣ ለአስተማሪዎቹ ተመጣጣኝ አበል፣ ውጤቱንም በሰርተፍኬት ብዛት ሳይሆን ልጆቹ ራሳቸው በሚፈቱት ችግር ክብደት የመለካት ድፍረት ነው። ሁለት ዓመት ይሞከር፤ የተሳካውም ያልተሳካውም በግልጽ ለሕዝብ ይነገር። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም የመምህራንን ዕድገት ሲወስኑ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተሰጠን ትምህርት ከምርምር ጽሑፍ እኩል ይመዝኑት። የፕሮፌሰር ጄላኒ የሥራ ዘመን እንደሚያሳየው ሁለቱ እርስ በርስ አይሻሙም፤ አንዱ ሌላውን ያጠነክራል። ኮምፒውተር በገንዘብ ይገዛል፤ መምህር ግን የሚገኘው በዓመታት ጥረት ነው። ስለዚህ በጀት ሲያዝ የመጀመሪያው ብር ለመምህሩ ይሁን።