ዓይኑ ቢጫ የሆነ የሳንባ በሽተኛ ወዴት ይላክ?

በስሜንና በወገራ ደጋ የሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ይዞታል» ይባልና ሥር ማሽ ዘንድ ይወሰዳል። ሰውዬው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመውሰድ ላይ ያለ እንደሆነ ግን ጉበቱን የጎዳው ኪኒኑ ሊሆን ስለሚችል የገበሬ ማኅበር መሪዎች ይህን ለይተው ሊያውቁት ይገባል።

የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ከሚሰጡት 4 መድኃኒቶች ውስጥ ኢሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ የተባሉት በአንዳንድ ሰው ላይ ጉበትን ይጎዳሉ። ችግሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በ1970 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ከአሜሪካ ምክር ቤት አካባቢ 2,321 ሠራተኞች በሽታው እንዳይነሣባቸው ኢሶኒያዚድ ሲወስዱ 19ኙ በጉበት ታመው ከነዚህም 2ቱ ሞተዋል። የሚበዛው ሰው ያለ ጉዳት እንደሚወስደውም ከዚሁ ቁጥር መረዳት ይቻላል።

ገበሬ የበጉን ጉበት ትል እንደበላው በእርዱ ቀን ያየዋል፤ የሰው ግን የሚታወቀው በውጭ ምልክቱ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካንማ ያደርጋል፤ ይህ ብቻውን ሲታይ ጉዳት ስለሌለው መድኃኒት አያስጥልም። የሚያሠጋው ምግብ ሲያስጠላ፣ ሲያስመልስና ከቀኝ ጎድን በታች ሲያም ነው። ቀጥሎም ሽንት እንደ ቡና ይጠቁራል፣ የዓይን ነጩም ቢጫ ይሆናል። ዓይኑ ቢጫ እስኪሆን ግን መጠበቅ አያስፈልግም።

እንዲህ ያለ ሰው የሚቀጥለውን ኪኒን ከመዋጡ በፊት፣ መድኃኒቱን እንደያዘ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ባለሙያው መርምሮ አስፈላጊ ሲሆን መድኃኒቱን ያቆምና ጉበቱ ሲያገግም በየተራ መልሶ ያስጀምረዋል። በራሱ ፈቃድ አቋርጦ ቤቱ የሚቀመጥ ግን ከጉበቱ ቢድን እንኳ ሳንባው ሊገድለው ይችላል፤ ቤተሰቡንም ያስይዛል፤ በሽታውም መድኃኒቱን ይለምዳል። ሥር ማሹ የሚያጠጣው በበኩሉ በተጎዳ ጉበት ላይ ሌላ ሸክም ሊሆን ይችላል።

ከጃን አሞራ ቀበሌዎች ተነሥቶ ደባርቅ ወይም ጎንደር ሆስፒታል መድረስ፣ ያውም በአጨዳ ወራት፣ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ቃሬዛ የሚይዙትን ጎረምሶች የሚጠራ፣ የበሽተኛውንም ገብስ በደቦ የሚያሳጭድ የማኅበሩ መሪ በመሆኑ ነው ይህን ለእሱ የምንጽፈው። በዚያ ደቦ ላይ ታዲያ፣ ጠላውና አረቄው በሕክምና ላይ ያለውን ሰው ጉበት ይበልጥ ስለሚጎዳው «አንድ ጽዋ ብቻ» እያሉ ማስገደዱ ይቅር።