ፍጥነት ብቻውን መዝገብ አይጠብቅም

አርሶ አደሩ ከቀበሌው ተነሥቶ ስለ ይዞታው ለመጠየቅ ወረዳ ሲደርስ፣ የከተማው ነዋሪም ለካርታ ወይም ለግብር ጉዳይ ወረፋ ሲይዝ፣ “ሲስተም የለም፤ ነገ ይመለሱ” የሚለው ምላሽ ለብዙዎች እንግዳ አይደለም። ምክንያቱ የመብራት ወይም የኔትወርክ መቋረጥ ሊኾን ይችላል። አንዳንዴ ግን እክሉ ያለው መረጃው በተቀመጠበት፣ ከመዳፍ በማይበልጥ ዕቃ ላይ ነው።

የገጠር መሬት ምዝገባን ጨምሮ በርካታ የመንግሥት አገልግሎቶች ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እየተሸጋገሩ ነው። ደብተሩ በባለይዞታው እጅ ቢኖርም፣ ክርክር ሲነሣ የሚታየው የማሳው ወሰንና የባለመብቱ ስም የሰፈረበት መዝገብ ነው። ስለዚህ መረጃው በምን ላይ እንደሚቀመጥ የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ኾኖ አይቀርም።

ከሚሽከረከር ዲስክ ወደ ቺፕ

አይ ቢ ኤም በ1956 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላትን ብቻ ነበር። የአሠራሩ መሠረት እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ ዲስኩ በደቂቃ 5 ሺህ 400 ወይም 7 ሺህ 200 ጊዜ እየተሽከረከረ፣ አንባቢው ክንድ የተፈለገውን መረጃ ያለበት ቦታ ድረስ ሄዶ ያነባል። በሰፊ መዝገብ ቤት ውስጥ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ የሚመላለስ አንድ ሠራተኛ ማለት ነው።

ኤስኤስዲ በሚል አጠራር የሚታወቀው ሶሊድ ስቴት ድራይቭ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። የጃፓኑ ቶሺባ መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በፈለሰፉት የፍላሽ ቺፕ ላይ መረጃን በኤሌክትሪክ ሙል መልክ ይይዛል። ተራ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 250 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፣ ቀላሉ ኤስኤስዲ 550 ገደማ ያነባል፤ አዳዲሶቹ ደግሞ በሺህዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ያነባሉ። ለመነሣት ደቂቃዎች የሚፈጅ አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ድራይቩ ብቻ ተቀይሮለት በሰከንዶች ሥራ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው። በአቧራማና ኮረኮንች መንገድ ለሚጓጓዝ ላፕቶፕም መንገጫገጭን መቋቋሙ ትልቅ ጥቅም ነው።

ያልተነገረው ድካም

ይኹን እንጂ ኤስኤስዲ የራሱ ድክመቶች አሉት። እያንዳንዱ የቺፕ ክፍል የሚጻፍበት ጊዜ የተወሰነ በመኾኑ በአገልግሎት ብዛት ያልቃል። በዘርፉ የደረጃ መስፈርት መሠረት፣ የአገልግሎት ዘመኑን የጨረሰ ተራ ኤስኤስዲ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መረጃ እንዲይዝ የሚጠበቀው ለአንድ ዓመት ነው። በመሳቢያ ተቆልፎ ለዓመታት የሚቀመጥ ማኅደር እንዲኾን አልተሠራም።

መብራት በድንገት ሲቋረጥም በመጻፍ ላይ ያለ መረጃ ሊበላሽ ይችላል። ለሰርቨር የሚሠሩ በርካታ ድራይቮች ይህን የሚከላከል አነስተኛ የኃይል ቋት ሲኖራቸው፣ ርካሾቹ በአብዛኛው የላቸውም። ሃርድ ዲስክ ከመሞቱ በፊት ብዙ ጊዜ ድምፅ እያሰማ ያስጠነቅቃል፤ ኤስኤስዲ ግን ያለ ድምፅ ሊያቆም ይችላል።

በኅዳር 2012 ዓ.ም ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ ያወጣው ማስጠንቀቂያ ለዚህ ማሳያ ነው። በተወሰኑ የሰርቨር ድራይቮች ውስጥ በነበረ የሶፍትዌር ስሕተት ምክንያት፣ ዕቃዎቹ ልክ 32 ሺህ 768 ሰዓት እንደሠሩ፣ ማለትም ሦስት ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ሲሞላቸው፣ ከነመረጃቸው ከጥቅም ውጭ ይኾኑ ነበር። በአንድ ቀን ሥራ የጀመሩ ሁለት ድራይቮች አንዱ የሌላው መጠባበቂያ ቢኾን እንኳ ሁለቱም በአንድ ቀን ሊወድቁ ይችሉ ነበር።

የኮሪያው ትምህርት

መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም በደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ የሚገኘው የመንግሥት የመረጃ ማዕከል በባትሪዎች በተነሣ እሳት ተቃጠለ። በመቶዎች የሚቆጠሩ የመንግሥት አገልግሎቶች ተቋረጡ፤ የመንግሥት ሠራተኞች ሰነድ ይቀመጥበት የነበረው 858 ቴራባይት መረጃም ሌላ ቦታ ቅጂ ስላልነበረው ጠፋ። ደቡብ ኮሪያ ከዓለም ቀዳሚዎቹ የፍላሽ ቺፕ አምራቾች ሳምሰንግና ኤስኬ ሃይኒክስ የሚገኙባት ሀገር ናት። የጎደላት ዘመናዊ ዕቃ አልነበረም፤ ከእሳቱ ርቆ የተቀመጠ ሁለተኛ ቅጂ እንጂ።

የገበያው ኹኔታ ይህን ጥንቃቄ እያከበደው ነው። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡ ግዙፍ የመረጃ ማዕከላት ቺፕ በብዛት በመግዛታቸው፣ ከ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ የኤስኤስዲ ዋጋ በዓለም ገበያ ጨምሯል። ዋጋ ሲንር መጠኑ በሐሰት የተጻፈበት ዕቃ ገዢን ለማታለል ይመቸዋል፤ ሁለት ቴራባይት ይይዛል ተብሎ የተሸጠው ጥቂት ጊጋባይት ይዞ የቀረውን ሊያጠፋ ይችላል።

ምን ይበጃል?

በመስኩ የተለመደው ምክር ቀላል ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ። የዕለት ሥራው በኤስኤስዲ ቢካሄድ ይፈጥናል፤ መጠባበቂያው ግን ዋጋው በሚረክሰው ሃርድ ዲስክ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ትላልቅ የመረጃ ማዕከላትም ብዙውን መረጃቸውን የሚያኖሩት አሁንም በእርሱ ላይ ነው። ቅጂው በትክክል መመለሱም በየጊዜው ሊፈተሽ ይገባል፤ ያልተፈተሸ ቅጂ እንዳለ አይቈጠርም። ሱቁ ውስጥ የዱቤ መዝገቡን በኮምፒውተር የሚይዝ ነጋዴም፣ የልጆቹን ፎቶ በላፕቶፕ የሚያስቀምጥ ወላጅም ከዚህ ደንብ ውጭ አይደሉም።

አርሶ አደሩ ለዚህ አሳብ እንግዳ አይደለም፤ ዘሩን ከቀለቡ ለይቶ ማስቀመጥን ከአባቶቹ ተምሯል። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ አዲሱ ሲስተም ፍጥነት ሲነገረው አንድ ጥያቄ ማንሣት ይችላል፤ ይህ ቢሮ ዛሬ ማታ ቢቃጠል፣ የማሳዬ ወሰን ነገ ጠዋት ከየት ይገኛል?