«ስሙ ጠፋ»፤ ማን አጠፋው?

በምግብ አዳራሽም ሆነ በመኝታ ክፍል የአንድ ተማሪ ነገር ሲነሣ «እሱማ ስመ ጥፉ ነው» የሚል ፍርድ በቀላሉ ይሰነዘራል። ቃሉን ስንናገር ምን ማለታችን እንደ ሆነ የምናስብ ግን ጥቂቶች ነን።

«ጠፋ» የሚለው ግሥ ብዙ ነገር ይሸከማል። ገንዘብ ይጠፋል፤ መብራት ይጠፋል፤ የሰው ስም ስንረሳም «ስሙ ጠፋኝ» እንላለን። በሦስቱም አነጋገር አድራጊው አይታይም። «ስሙ ጠፋ» ስንልም እንዲሁ ነው። ስሙ እንደ ኩራዝ በነፋስ የጠፋ ይመስላል፤ እፍ ያለበት ሰው ግን በቃሉ ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ስሕተታችን «ስመ ጥፉ»ን እና «ነውረኛ»ን አንድ አድርገን መያዛችን ነው። ነውር በሠሪው ዘንድ ያለ ነገር ነው፤ ማንም ባያውቀው ነውርነቱ አይቀርም። የስም መጥፋት ግን በሌሎች አፍ ላይ ያለ ነው። ስለዚህ ነውረኛ ሆኖ ስመ ጥር፣ ንጹሕ ሆኖ ስመ ጥፉ መሆን ይቻላል።

ባለፈው ዓመት ከአንድ መኝታ ክፍል መጽሐፍ ጠፍቶ አንድ ጓደኛችን ተጠረጠረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መጽሐፉ ከባለቤቱ አልጋ ሥር ተገኘ። የመገኘቱ ወሬ ግን ከዚያች ክፍል አልወጣም። ልጁ ዛሬም አንድ ነገር ልዋስ ሲል ፊት ይዞርበታል። መጽሐፉ ተገኘ፤ ስሙ አልተገኘም። ወሬውን ሳያጣሩ ካቀበሉት አንዱ እኔ ነበርሁ።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2044 ጥፋተኛ የሚለው በንግግሩ ወይም በጽሑፉ ሌላውን ሰው እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም መሣቂያ እንዲሆን አድርጎ ስሙን የሚጎዳውን ነው። እኛ የምንሰውረውን አድራጊ ሕጉ ይፈልገዋል።

«ታዲያ የሌባ ሌብነት አይነገር?» የሚል ይኖራል። ይነገር እንጂ! ነገር ግን «ሰረቀ» ያለ ሰው ማስረጃ ይጠየቃል፤ «ስሙ ጠፍቷል» ያለ ግን ምንም ሳይጠየቅ ያልፋል። ጉዳቱም ከዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ያየነውን «አየን» እንበል፤ ያላየነውን እንተው፤ ካጠፋንም «ስሙ ጠፋ» ሳይሆን «ስሙን አጠፋነው» ለማለት እንድፈር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ መጽሐፉ መገኘቱን ያልሰማ ካለ ዛሬ ይስማ።