ነሕው የቀራ ሰው እንግሊዝኛ ሲያስጠና



ክረምት ሲገባ ብዙዎቻችን ወደ ያዮ፣ ወደ ሁሩሙ፣ ወደ ጎሬና ወደ በደሌ እንበታተናለን። የሰፈሩ ተማሪም «የግቢ ልጅ መጣ» ብሎ እንግሊዝኛ አስጠኑን ይለናል። እሺ ማለታችን መልካም ነው። ነገር ግን ልጁ «ለምን እዚህ ጋ ኤስ ተጨመረ?» ሲለን «እንዲሁ ነው የሚባለው» ብለን ካለፍን አላስተማርነውም። በእኔ እምነት እንግሊዝኛ ለማስጠናት የሚነሳ ሁሉ በቅድሚያ የሰዋስው መሠረታዊ ስያሜዎችን ሊያውቅ ይገባል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በአካባቢያችን አብዛኛው ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራል፤ ከ9ኛ ጀምሮ ግን ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኝ 4 እንኳ አልሞሉም። ምክንያቱ ቋንቋ ብቻ ነው አልልም። ጥያቄው ያልገባው ልጅ ግን የሚያውቀውንም አይመልስም።

በምህንድስና «ሎድ» እና «ስትረስ» የተለያዩ ናቸው። አንዱ ምሰሶው ላይ የሚያርፈው ኃይል ነው፤ ሌላው ያ ኃይል ለምሰሶው ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ሁለቱንም «ክብደት» ብሎ የሚጠራ ሰው ምሰሶው ለምን እንደተሰነጠቀ ማስረዳት አይችልም። ቋንቋም እንደዚያው ነው፤ ስም ያልሰጡትን ስህተት ማረም ይከብዳል።

ደግነቱ መድረሳ የተቀመጥን ሰዎች ባዶ እጃችንን አይደለንም። አጅሩሚያን የጀመረ ደረሳ ገና ከመግቢያው ኢስም፣ ፊዕልና ሐርፍን ይለያል። የሞሮኮዋ የፋስ ከተማ ሰው ኢብን አጁሩም በ723 ዓመተ ሂጅራ ነው የሞቱት፤ ትንሿ ኪታባቸው ግን እስከ ዛሬ ትቀራለች። ይህን መለየት ለእንግሊዝኛም ልናውለው እንችላለን።

አንድ ምሳሌ እንይ። በአማርኛ «ልጁ ቡናውን ለቀመ» ስንል «ን» የተጨመረችው በመፍዑሉ፣ ማለትም በተሳቢው ላይ ነው። በአፋን ኦሮሞ «ሙጫን ቡነ ፉናኔ» ስንል ግን «ን» የተጨመረችው በፋዒሉ፣ በባለቤቱ ላይ ነው። ዐረብኛ ፋዒሉን በዶማ፣ መፍዑሉን በፈትሓ ይለያል። እንግሊዝኛ በስሙ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት አያደርግም፤ የሚለየው በቦታ ነው። ከግሱ በፊት የተቀመጠው ባለቤት፣ ከግሱ በኋላ የመጣው ተሳቢ ይሆናል። ግሱን መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ የለመደ የያዮ ልጅ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ባለቤትና ተሳቢ የሚሉትን ቃላት የያዘ አስጠኚ ይህን በ5 ደቂቃ ያስረዳዋል።

ስለ «ኤስ» የተነሳውም ጥያቄ መልስ አለው። ሙዳሪዕ እንደ ፋዒሉ «የክቱቡ»፣ «ተክቱቡ» እያለ ከፊቱ ይለዋወጣል። እንግሊዝኛ ደግሞ በአሁን ጊዜ ለነጠላ ጋኢብ ብቻ ከኋላ ይጨምራል፤ «አይ ራይት» ያለው «ሂ ራይትስ» ይላል። እንዲሁም «ዘይዱን ጣሊቡን» ያለ «ነው» ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። እንግሊዝኛ ግን በሙብተዳውና በኸበሩ መካከል «ኢዝ» ካልገባ አይቆምም።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ስያሜዎቹ አንድ ለአንድ አይገጥሙም። ነሕው ቅጽሉንም ተውላጠ ስሙንም በኢስም ውስጥ ያካትታል፤ እንግሊዝኛ ለየብቻ ይቆጥራቸዋል። ልዩነቱን ያልነገረ አስጠኚ አንዱን ስህተት በሌላ ይተካል።

አንዳንድ ወንድሞችና እህቶች «ቋንቋ በመናገር እንጂ በስያሜ አይለመድም» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ልጁ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ አለበት። ስያሜው በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ግን ለአስጠኚው ነው። ሐኪም የበሽታውን ስም የሚያውቀው ታማሚውን ሊያሸመድደው አይደለም። ልጆቹን የስያሜ ዝርዝር ካሸመደድናቸው እኛም አጥፍተናል። ስህተቱን ለይተን፣ ምክንያቱን በሚያውቁት ቋንቋ ነግረን፣ 10 ዓረፍተ ነገር ካሠራናቸው ግን ስያሜው ሥራውን ሠርቷል።

ስለዚህ የጀመዓው የትምህርት ክፍል ከዕረፍቱ በፊት ሁለት ቅዳሜዎችን ለዚህ ይመድብ። አንድ ገጽ ላይ 20 ስያሜዎችን በአራት ዓምድ እናዘጋጅ፤ እንግሊዝኛው «ናውን»፣ አማርኛው «ስም»፣ አፋን ኦሮሞው «መቃ»፣ ዐረብኛው «ኢስም» እያለ ይቀጥላል። የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ይመርምሩት፣ ነሕው የቀሩት ይጨምሩበት። ወጪው የፎቶ ኮፒ ብቻ ነው።

ዒልም ሲካፈል አይጎድልም። አላህ ለሥራው ይግጠመን።