ሀርሺን፣ ስበትና ማንትል፦ ከሰማይ የተለካውን ከምድር ማን ያረጋግጠው?

ሀርሺን ላይ ውሃ ሲባል ብርካ ነው። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ በተቆፈረው ገንዳ ይጠራቀማል፤ ገንዳው ሲደርቅ ደግሞ የውሃ ቦቴ ይጠበቃል። እንዲህ ባለ ወረዳ "የምድርን ውስጥ የሚያጠኑ ሰዎች አሉ" ብትሉ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ "ውሃ አለ ወይ?" ነው። ጥያቄው ትክክል ነው።

ዛሬ የምናነሳው ጥናት ግን ከጉድጓድ በጣም የጠለቀ ነው፤ ስለ ማንትል ነው። ማንትል ከምድር ቅርፊት በታች እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር ድረስ የሚወርደው የአለት ክፍል ነው። ብዙዎቻችን እንደምናስበው የቀለጠ ባሕር አይደለም። ጠጣር ነው፤ ነገር ግን በሚሊዮን ዓመታት ሲታይ ዝግ ብሎ ይፈስሳል። ታዲያ ይሄ ሀርሺንን ምን አገባው? እስቲ በቅደም ተከተል እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከህንድ የመጣው መልስ

ከስሪላንካ በስተደቡብ የህንድ ውቅያኖስ ወለል ሳይንቲስቶች ለምድር ካስቀመጡት መነሻ ቅርፅ በ106 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። መርከብ ላይ ያለ ሰው አያስተውለውም፤ ዝቅታው በጣም ሰፊ ቦታ ላይ የተዘረጋ ነው። ምክንያቱ እዚያ አካባቢ የምድር ስበት ደከም ማለቱ ነው። ስበት የደከመበት ቦታ ውሃን አጥብቆ አይዝም።

በ2023 በባንጋሎር የህንድ ሳይንስ ተቋም የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ዴባንጃን ፓል ከአማካሪው ከአትሬዪ ጎሽ ጋር ማብራሪያ አቀረበ። የ140 ሚሊዮን ዓመት የምድር እንቅስቃሴ በኮምፒውተር አስልተው ውጤቱን ከተለካው የስበት ቅርፅ ጋር አነጻጸሩ። ከልኬቱ ጋር የተቀራረቡት ስሌቶች አንድ የጋራ ነገር አላቸው፦ ከአፍሪካ ስር ካለው ጥልቅ ማንትል የሚነሳ ትኩስና ቀለል ያለ አለት፣ ወደ ምሥራቅ ተንሸራቶ ከውቅያኖሱ ስር ይደርሳል። በእርግጥ ይህ ሞዴል ነው፤ ሁሉንም ተመራማሪ አላስማማም። ግን ልብ በሉ፤ የህንድ ተማሪ የራሱን ደጅ ባሕር ሊያጠና ተነስቶ መነሻውን ያገኘው በእኛ በኩል ነው።

እኛ የተቀመጥንበት

የኢትዮጵያ ደጋ ከፍታም ሆነ ስምጥ ሸለቆው ከዚሁ ከታች ከሚነሳ ትኩስ ማንትል ጋር የተያያዘ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደጋውን የሸፈነው የእሳተ ገሞራ አለትም እንደዚሁ። ዛሬም ቢሆን ነገሩ አላበቃም። ባሕር ዳር በኑቢያ ሰሌዳ ላይ ናት፤ ጅግጅጋና ሀርሺን በሶማሊያ ሰሌዳ ላይ። ሁለቱ በዓመት በግምት 5 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። በ2005 አፋር ዳባሁ ላይ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በሳምንታት ውስጥ ተሰነጠቀ። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ፣ በአካባቢው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ተነስቷል።

እንዴት ይለካል?

በ2002 የአሜሪካው ናሳና የጀርመን ተቋማት ግሬስ የተባሉ ሁለት ሳተላይቶችን አመጠቁ። አንዱ ሌላውን በ220 ኪሎ ሜትር ርቀት ይከተላል። ከስር ከባድ ነገር ሲያጋጥም የፊተኛው ቀድሞ ይሳባል፣ ርቀታቸው ይለወጣል። ያቺን ከፀጉር የቀጠነች ለውጥ በመለካት የምድርን ስበት ካርታ ያወጣሉ። እነሱ በ2017 ሲያበቁ ተተኪዎቹ በ2018 ወጡ። መረጃው ለማንም ክፍት ነው፤ በነፃ።

ወሳኙ ነጥብ ይሄ ነው፦ ሳተላይቱ የሚለካው የሁሉንም ድምር ነው። ተራራው፣ ደለሉ፣ የከርሰ ምድር ውሃው፣ ማንትሉ፣ ሁሉም በአንድ ቁጥር ተጠቅልሎ ይመጣል። ማንትል አጥኚው ከላይ ያለውን ቀንሶ ይጥላል። ውሃ አጥኚው ደግሞ በየወሩ የሚለዋወጠውን ለይቶ ይይዛል። በሰሜን ህንድ ከ2002 እስከ 2008 ባለው ጊዜ 109 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር የከርሰ ምድር ውሃ መጥፋቱ የታወቀው በእነዚሁ ሳተላይቶች ነው። ለአንዱ ገለባ የሆነው ለሌላው ፍሬ ነው ማለት ነው።

ሀርሺን የት ትታያለች?

አትታይም። የግሬስ እይታ በግምት 300 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ነው። ድሬዳዋ፣ ጅግጅጋ፣ ሀርሺንና ሀርጌሳ አንድ ነጥብ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። የድርቁን አጠቃላይ መጠን ይነግረናል እንጂ "እዚህ ቆፍሩ" አይለንም።

ሌላም ችግር አለ። ስበት ብቻውን ጥልቀትን አይለይም። ከኦጋዴን ተፋሰስ ያለው ወፍራም ደለል ቀለል ያለ ነው፤ ከታች ያለ ትኩስ ማንትልም ቀለል ያለ ነው። ሁለቱን ለመለየት መሬት ላይ ወርዶ መለካት ግድ ይላል፤ የስበት መለኪያና የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ይዞ።

ይህ ሥራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1960ዎቹ የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ መሥራች ፒየር ጉዊንና ባልደረባቸው ፖል ሞር በኢትዮጵያ መንገዶች እየዞሩ ስበት ለክተዋል። በ2010 ደግሞ ዶክተር ቱሉ በሻ በዳዳ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ በሠሩት የዶክትሬት ጥናት፣ በአውሮፕላን የተሰበሰበን የስበት ልኬት ከሳተላይት መረጃ ጋር አዋህደው ለኢትዮጵያ የከፍታ መነሻ ሠርተዋል። ይሄ የወረቀት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ውሃ ወዴት እንደሚፈስ፣ ቦይና ግድብ በምን ከፍታ እንደሚሠራ የሚወሰነው በዚህ ዓይነት መነሻ ነው።

የእኛ እይታ

"ሕዝብ ውሃ ጠምቶት ማንትል ይጠናል ወይ?" የሚል ይኖራል። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ 5 የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ የሆነውን ያየ ሰው ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ቅድሚያው ውሃ ነው፣ በዚህ አንከራከርም።

ነገር ግን ሁለቱ የሚሻሙ ሥራዎች አይደሉም። በጅግጅጋና በሀርሺን መሀል በመኪና እየተሄደ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ቢለካ፣ ያው ልኬት ለዶክትሬት ተማሪው የላይኛውን ደለል ይቀንስለታል፤ ለውሃ መሐንዲሱ ደግሞ ደለሉ የት እንደሚወፍር፣ ስንጥቁ የት እንዳለ ይጠቁመዋል። ብቻውን ውሃ አያገኝም፤ ከጂኦሎጂና ከሌሎች ልኬቶች ጋር ሲደመር ግን ደረቅ ወይም ጨዋማ ጉድጓድ የመቆፈርን ኪሳራ ይቀንሳል።

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። ጉድጓድ የሚቆፍር ሁሉ፣ ደረቅ የወጣውንም ጨምሮ፣ መዝገቡን ለዩኒቨርሲቲዎች ይስጥ። የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ በደጁ ያለውን መሬት የሚለኩ ተማሪዎች ይኑሩት። ከውጭ መጥቶ የሚለካ ተመራማሪም የለካውን እዚሁ ትቶ ይሂድ።

የሰማዩ መረጃ በነፃ ይወርዳል። የምድሩን ልኬት ግን ማንም አይልክልንም፤ እኛው ወጥተን መለካት አለብን። እስከዚያው ከእግራችን ስር ያለውን ሌላው ከሩቅ ሲተነትነው እናነባለን፤ ሀርሺንም ቦቴ ትጠብቃለች።