ከተማና ገጠር በአንድ ሐይቅ ዳር

የከተማና የገጠር ኑሮ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በመንገድ፣ በመብራት፣ በትምህርትና በጤና አገልግሎት ተደራሽነት ነው። መለኪያው አስፈላጊ ቢሆንም የጣናን ዳርቻ ሕይወት ለመግለጽ ግን አይበቃም። በባሕር ዳር የሚኖሩ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት በአስተዳደር ረገድ ከተሜ ናቸው፤ ነባር መተዳደሪያቸው ግን ዓሣ ማስገርና ከደንገል ታንኳ መሥራት ነው። በአንጻሩ የዘጌ ገበሬ ገጠሬ ቢባልም ቡናው፣ ጌሾውና ማገዶው ከከተማው ገበያ ጋር አስተሳስረውታል።

እንግዲህ በዚህ ስፍራ ኑሮን የሚለየው የከተማው ወሰን ብቻ ሳይሆን ከሐይቁ ጋር ያለው ትስስር ጭምር ነው። ደንገል የበቀለበት ዳርቻ ለግንባታና ለመዝናኛ ሲውል፣ ለአንዱ ልማት የሆነው ለሌላው የሥራ ጥሬ ዕቃ ማጣት ይሆናል። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. የመዘገበው የጣና ሐይቅ ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራም ከተማውንና ገጠሩን በአንድነት ያቀፈ ነው።

ጥናትም ይህንኑ አንድነት ሊከተል ይገባዋል። መጠይቆች የመኖሪያ ቦታን ከመመዝገብ አልፈው፣ ቤተሰቡ ከሐይቁ ምን እንደሚያገኝና የዳርቻው ለውጥ ምን እንደሚያሳጣው ሊጠይቁ ይገባል። አለበለዚያ የታንኳ ሠሪው ችግር በከተማው አማካይ ገቢ ተሸፍኖ ይቀራል።